የድሮ የቢሮ ፋይሎቻችንን እንዴት ማንበብ እንደቻልን (ከጎንደር)

ብዙ ሰው ሰነድ ማቆየት ሲባል ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ሁሉንም እዛ ላይ መገልበጥ ይመስለዋል። እኔም ጎንደር በምሰራበት የመንግስት መስሪያ ቤት የድሮ ፋይሎችን የማዳን ስራ ሲሰጠኝ የተባልኩት ይሄንኑ ነው፣ ሃርድ ዲስኩ ተገዝቷል፣ ገልብጥና አስቀምጥ። ገለበጥኩት። ጉዱ የመጣው ስንከፍተው ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ የይዞታ ደብዳቤ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ ሁሉም ወርድ ላይ ሲከፈት ቆብና ነጥብ የተደረደረበት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው የሚያሳየው፣ አንድም አማርኛ የለበትም።

አንዳንዱ ባልደረባ "ይሄ ተበላሽቷል፣ አጥፋው" አለኝ። ግን አልተበላሸም! ይሄን ነገር በየቢሮው ያለ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለአለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ስርአት ውስጥ) የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ ቢሮዎች ደግሞ ከዛ በኋላም ለብዙ አመት በድሮው መንገድ ነው የጻፉት። ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ የሚባሉት የድሮ ፎንቶች (የፊደሉን ቅርጽ የያዙ ፋይሎች) የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው አማርኛውን የሚያሳዩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል መሆኑን ነው፣ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው አይታይም ማለት ነው። ከዛ ደግሞ የኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ በአንድ ፎንት አይበቃም፣ ፓወር ግእዝ ላይ የአንድ ቃል ፊደሎች ከሁለትና ከሶስት ፎንት ሊመጡ ይችላሉ፣ ለዚህ ነው ጽሁፉን ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ስትለጥፉት ለዘላለሙ የሚጠፋው፣ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደሆነ የሚናገረው ነገር አብሮ ይወድቃል። እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ።

መጀመሪያ ያደረግነው ፎንት መሰብሰብ ነው። እቃ ግምጃ ቤት የተጣሉትን የድሮ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አስነስተን ፎንት የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ገለበጥን። አንዱን የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበትን ደህናውን ኔትወርክ ሳናገናኘው ለዚሁ ስራ ብቻ አስቀመጥነው። ፍላሽ ላይ የነበረው ደግሞ ቫይረስ ፎልደሩን ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳይበት ነበር፣ እሱም ጠፋ ማለት አይደለም፣ አትሪብ በሚለው ትእዛዝ ይመለሳል፣ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

ፎንቱን ብናገኝም የማይነበቡ ፋይሎች ነበሩ። ያኔ ጡረታ የወጡትን የድሮ ጸሀፊያችንን አዘዞ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ላፕቶፑን ሳሳያቸው ገና ከማየታቸው "ይሄማ ርእሱን በሌላ፣ ውስጡን በሌላ የጻፍኩት ነው ልጄ፣ ለርእስ ወፍራሙን ነበር የምንወደው" አሉኝ። የትኛውን ሀላፊ ደብዳቤ በየትኛው ማሽን ይጽፉ እንደነበር፣ "መጨረሻ" እና "መጨረሻ አዲስ" ከተባሉት ሁለት ፋይሎች የተፈረመበት የትኛው እንደሆነ ሳይቀር ነገሩኝ። ይሄ እውቀት የትም አልተጻፈም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ መስሪያ ቤት ሰርቨር ከመግዛቱ በፊት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ጸሀፊዎችንና የመዝገብ ቤት ሰራተኞችን ቁጭ አድርጎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ወደ ዩኒኮድ የመለስነው እንዲህ ነው። የድሮውን የወርድ ፋይል (ዶክ) ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ አዲሱ አይነት (ዶክኤክስ) በጅምላ ቀየርን፣ ዶክኤክስ ውስጡ የታሸገ ኤክስኤምኤል፣ ማለትም በምልክት የተከፋፈለ ተራ ጽሁፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ጽሁፍ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይናገራል፣ ከዛ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ ፎንቱን እያየ ከሰንጠረዥ ላይ ትክክለኛውን ፊደል እንዲተካ አደረግኩ። ሰንጠረዡን መስራት ነው አድካሚው። ቪዥዋል ግእዝ ደግሞ አንዱን ፊደል ከግንዱና ከምልክቱ ለይቶ ነው የሚጽፈው፣ ሁለቱ ተጣምረው ነው አንድ ፊደል የሚሆኑት፣ እሱን ለብቻው ነው የያዝኩት። ከተቀየረ በኋላ ስምና ቁጥሮችን በሙሉ ሰው ከዋናው ጋር እያስተያየ አነበበ። ሌላውን በናሙና አለፍነው፣ ስምና የካሬ ሜትር ቁጥር ላይ ግን ናሙና የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ፊደል ብትሳሳት የሰው ቤት ነው።

ለእያንዳንዱ ሰነድ ሶስት ነገር ነው የምናስቀምጠው። ዋናውን ፋይል እንዳለ ሳንነካው፣ በድሮው ፎንት ተከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ ኤ የተቀየረውን፣ እና የዩኒኮዱን ጽሁፍ። ፒዲኤፍ ኤ ለረጅም ጊዜ ማቆያ ተብሎ በፈረንጅ 2005 አይኤስኦ 19005 የሚባል አለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣ ነው፣ ፎንቱን እዛው ውስጡ ስለሚይዝ መልኩ አይቀየርም። ግን መልኩ አማርኛ ቢሆንም ውስጡ ያው የፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ፍለጋ አይሰራበትም፣ ለፍለጋ ዩኒኮዱ ያስፈልጋል። ዩኒኮዱ ላይ ጥርጣሬ ሲመጣ ደግሞ ፒዲኤፉ ይመሰክራል።

ፍለጋ ካነሳን አይቀር፣ ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በፀ አንዱ በጸ፣ አንዱ በሐ አንዱ በሀ ይጽፈዋል፣ የሰው ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁት የለም ብላችሁ አትመልሱት። እኛ ጽሁፉን ሳንነካ ለፍለጋ ብቻ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን አንድ የሚያደርግ ሌላ አምድ ጨመርን።

ቀን ሌላው ራስ ምታት ነው። ፎልደሩ 2003 ይላል፣ የኛ ነው የፈረንጅ? ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቀን ደግሞ ማመን አይቻልም፣ ሲገለበጥ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ከደብዳቤው ላይ አንብበን በኛ አቆጣጠር አመት፣ ወር፣ ቀን ብለን በቁጥር ብቻ የፋይል ስም አደረግነው፣ የአማርኛ የፋይል ስም በአንዳንድ የድሮ ዚፕ ማድረጊያ ሲያልፍ ይበላሻል።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያከራከረን ሰነዱ የቱ ነው የሚለው ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ወርድ ረቂቅ ሊሆን ይችላል፣ ህጋዊው ማህተምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፋይል ከወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ቁጥር ጋር አገናኘነው፣ ወረቀቱ ከተገኘ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርገን አብረን አስቀመጥነው፣ ካልተገኘ "ያልተረጋገጠ" ብለን ጻፍንበት። ማን ጻፈው፣ ማን ፈረመው፣ ከየትኛው ማሽን ተገኘ የሚለውንም መዘገብን። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም እኮ፣ እዚሁ ጎንደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የርስት ሽያጭና ስጦታ በየአድባራቱ ብራና መጻህፍት ባዶ ገጽና ህዳግ ላይ ሲጻፍ በማን ዘመን እንደሆነና ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ አብሮ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ተመራማሪ ያን መዝገብ አምኖ የሚጠቀምበት በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ዘመን ደብዳቤ ግን አሁን በቴሌግራም ነው የሚላከው፣ ያውም እንደ ፎቶ፣ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ተጨምቆ ማህተሙ ይደበዝዛል፣ ቢያንስ እንደ ፋይል ላኩት፣ ሲደርሳችሁም በዛኑ ቀን መዝገብ ላይ ቁጥር ስጡት።

ማስቀመጫው ላይ ብዙ አልልም። ሶስት ቅጂ፣ በሁለት አይነት እቃ፣ አንዱ ከግቢው ውጪ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ መተማመን እዚህ አይቻልም፣ በ2013 እና በ2014 ደግሞ በክልላችን ስንት ወረዳ ላይ ቢሮ ከነሰነዱ እንደወደመ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከግቢ ውጪ ያለችው ቅጂ ለኛ ቅንጦት አይደለችም። ለእያንዳንዱ ፋይል የኤስኤችኤ 256 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ እንደ አሻራ የሚያገለግል ቁጥር) አውጥተን በዝርዝር ይዘናል፣ በየሩብ አመቱ እንደገና አስልተን እናስተያያለን፣ አንዲት ነገር ብትቀየር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። አክሰስ በሚባለው ፕሮግራም የተያዘውን ዳታቤዝ ደግሞ ወደ ዩቲኤፍ 8 ሲኤስቪ (በዩኒኮድ የተጻፈ ተራ የጽሁፍ ሰንጠረዥ) አወጣነው፣ እሱን ኤክሴል ላይ ዝም ብሎ ደብል ክሊክ ማድረግ አማርኛውን ሊያበላሸው ስለሚችል ኢምፖርት በሚለው ነው የሚከፈተው። የሰራተኛ የግል ማህደርና የይዞታ ፋይል ደግሞ የሰው ሚስጥር ስለሆነ ማን እንደከፈተው ይመዘገባል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አለቆች ወረፋው ረዘመ፣ ስካነሩ ለሌላ ስራ ይፈለጋል ሲሉ ብዙ ተከራክረናል። ያሳመናቸው ጡረታ ሊወጡ የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ የሚፈልጉ ሰዎች እየመጡ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ከዚሁ ማህደር ማግኘት ሲጀምሩ ነው።

አሁን የቀረን አጋፋሪ በሚባለው ፎንት የተጻፉ ናቸው፣ የፎንቱን ስም ፋይሉ ውስጥ እናየዋለን፣ ፎንቱ ራሱ ግን እጃችን ላይ የለም። የድሮ ኮምፒውተር ወይም ፍሎፒ ያላችሁ፣ በተለይ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ጽህፈት ቤት የሰራችሁ፣ ፎንት ፎልደሩን ሳታዩ አትጣሉት፣ ካገኛችሁት ጻፉልኝ፣ እኔም የሰራሁትን የፊደል ሰንጠረዥ ለሚፈልግ ቢሮ በነጻ እልካለሁ።