ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት

ድሬ ላይ ሙቀቱ ሲጠና ቀን ኮድ መጻፍ ይከብዳል። ሳቢያን ያለው ቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ይግላል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ስለዚህ የምሠራው ማታ ነው። ነፋስ ሲመጣ በረንዳ ላይ እወጣለሁ።

ከጓደኞቼ ጋር የምንይዘው አንድ ትንሽ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ፣ አለ። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ቀን ይቀይራል። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ፓች (ኮዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ) ይልካል። ፓቹን ሞክሮ "ይግባ" ወይም "አይግባ" የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

አንድ ጎንደር ያለ ልጅ ስለ ጳጉሜ ፓች ላከ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ማለት ነው። 2015 እንዲያ ነበር፤ የ2016 እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 የዋለውም ለዚህ ነው። የእኛ ኮድ ግን ጳጉሜ 6 ሲሰጡት "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ይል ነበር። ልጁ ያስተካከለው ይሄንን ነው፣ በአራት መስመር።

ፓቹን አስገብቼ ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አስኬድኩ። አንዱ ቀይ ሆነ፤ ወደቀ ማለት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። "ሌላ ነገር ሰብረሃል፣ አይገባም" ብዬ ጻፍኩለትና ተኛሁ።

ጠዋት መልሱን አገኘሁት። "ወንድሜ፣ እኔ ጋ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሦስቴ ሞከርኩት።" ደግሜ አስኬድኩት። አለፈ! ምንም ሳልነካ። በማግስቱ ሌሊት ግን ተመልሶ ወደቀ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት ያኔ ነው፤ ፓቹን አውጥቼ የድሮውን ኮድ ብቻውን ፈተንኩት። እሱም ወደቀ። ልጁ ምንም አልሰበረም።

ነገሩ የሰዓት ነው። ቴስቱ "ዛሬ"ን ከሁለት ቦታ ይወስዳል፤ አንዱን ከኮምፒውተሩ ሰዓት፣ ሌላውን ከዩቲሲ፣ ማለትም የዓለም ሰዓቶች ሁሉ ከሚለኩበት መነሻ ሰዓት። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ለእኛ የሚነጋው 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ግን ቀኑን የሚገለብጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እናም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 እኛ ጋ አዲስ ቀን ገብቷል፣ ዩቲሲ ላይ ገና ትናንት ነው። ቀን የሚሠራ ሰው አያየውም። ቴስቱን የሚያስኬደው ሰርቨራችንም ሰዓቱ ራሱ ዩቲሲ ስለሆነ ሁለቱ "ዛሬ"ዎች ሁሌም እኩል ይሆኑለታል።

ልጁ ፓች ሲልክ የመጀመሪያው ነበር። በእኔ ችኮላ ተከፍቶ ቢቀር ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁን ፓች ሲመጣ መጀመሪያ የተነሳበትን ኮሚት (የተመዘገበውን የኮዱን እትም) ባዶ ፎልደር ውስጥ አወጣለሁ። ቴስቶቹን ያለ ፓቹ አስኬዳለሁ። ፓቹን የማስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከፓቹ ጋር አዲስ ቴስት ካለ ደግሞ ማስተካከያውን ለጊዜው አንስቼ ቴስቱን ብቻ እተወዋለሁ፤ ቀይ መሆን አለበት። ያለ ማስተካከያውም አረንጓዴ ከሆነ የሚፈትነው ነገር የለም ማለት ነው። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው እሷን ነው።

የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ላይ ፓች የሞከረ ሰው "ቴስትድ-ባይ" ብሎ ስሙን ከኮሚቱ ጋር ያሰፍራል። በጣም ደስ የሚል ልማድ ነው። እኛም ጀመርነው፤ ከስማችን ጎን የኮሚቱን ቁጥርና የሞከርንበትን ሰዓት እንጽፋለን። አንዴ ወድቆ አንዴ የሚያልፍ ቴስት ሲገጥመን ደግሞ አረንጓዴ እስኪሆን መደጋገም ትተናል። ምክንያቱ እስኪገኝ ስሙ ተጽፎ ይቀመጣል።

ያ ቴስት ዛሬ ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ አይጠይቅም፤ እኛ እንሰጠዋለን። ሰዓቱን ከሌሊቱ 7 ላይ አቁሞ የሚፈትነውን ኮድ የጻፈው ያው የጎንደሩ ልጅ ነው። ቀን በጠራራ ፀሐይ አስኬድኩት። መጀመሪያ ያለ ማስተካከያው፣ ቀይ። ከዚያ ከነማስተካከያው፣ አረንጓዴ። ስሜን ከሥሩ ጻፍኩ።