«ሳልጠመቅ አይነካም»

በእኚያ እናት ካርድ ላይ «የመወሰን ብቃት የላቸውም» ብዬ የጻፍኩት በንዴት ነው። ሀዋሳ ውስጥ ተረኛ ሐኪም ሆኜ ባደርኩበት ሌሊት የስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣቶቻቸውን አጥቁሮባቸው መጡ። ጣቶቹ መቆረጥ እንዳለባቸው ስነግራቸው «ጸበል ሳልጠመቅ አይነካም» አሉ።

ጠዋት አለቃዬ ካርዱን አንብቦ «ምን ብለህ ጠይቀሃቸው ነው?» አለኝ። ምንም አልጠየቅኩም ነበር። ተናግሬ፣ እምቢ ተብዬ፣ ፈርጄ ወጣሁ።

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እናቴ፣ ትናንት የነገርኩዎትን እስቲ በራስዎ አንደበት ይንገሩኝ።»

«ጣቶቼ ሞተዋል፤ ካልተቆረጡ መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ይገድለኛል ብለሃል።»

«በእርስዎ ላይ የሚደርስ ይመስልዎታል?»

«ለምን አይደርስም፣ ልጄ? ጎረቤቴን በዚሁ ቀብሬያለሁ።»

«ታዲያ ጸበሉ?»

«ጸበል ጣት ያድናል መቼ አልኩህ? ሳልጠመቅ ቢላዋ ስር አልተኛም ነው ያልኩህ።»

የተነገራቸውን ተረድተዋል፣ በራሳቸው ላይ እንደሚደርስ ተቀብለዋል፣ አመዛዝነዋል፣ መርጠዋል። የመወሰን ብቃት የሚፈተሸው በእነዚህ አራት ነገሮች ነው፤ ከሐኪሙ ጋር መስማማት የሚል አምስተኛ የለበትም። የጻፍኩትን ሰረዝኩ። አንቲባዮቲኩን ሳያቋርጡ፣ ቁስሉም ውኃ ሳይነካው ሦስት ቀን እንዲጠመቁ ተስማማን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን ያስታወሷቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። በአራተኛው ቀን በእግራቸው መጥተው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ እምነት አከብራለሁ እያልኩ በሌላው ጫፍ ልወድቅ ነበር። ኢንሱሊን የሚወስዱ አንድ አዛውንት ቤተሰቦቻቸው ደግፈው አመጧቸው። ለምጠይቃቸው ሁሉ በዝግታ «የጌታ ፈቃድ ይሁን፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ልጃቸው «አባባ ድሮም የጸሎት ሰው ነው» አለኝ። ሕክምና አልፈልግም የሚለውን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣሁ። የተነገራቸውን መልሰው እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው ግን መልሱ ያው «የጌታ ፈቃድ» ሆነ። ግንባራቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ላብ በላብ። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች፤ 38፣ አእምሮን እስኪያደናግር ድረስ የወረደ።

ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሰጠናቸው። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ክፍሉ ላይ አዞሩና «ጫማዬን ማን ነው ያወለቀው?» አሉ። ቅጹን ይዤ ቆሜ ነበርና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ማን ነው ሕክምና አልፈልግም ያለው?» አሉኝ፣ ተቆጥተው።