ሃያ ስምንት ጎን የተበጀላት ከተማ

ቱስኪጊ የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ነው። አባቴ የጠላት ወረራ ዘመን በተወሳ ቁጥር ጆን ሮቢንሰን የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ሳያነሣ አያልፍም ነበር፤ በ1935 ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው፣ በአገሩ «ቡናማው ኮንዶር» የሚል ስም የወጣለት ሰው፣ የመካኒክነት ሙያውን የቀሰመው ቱስኪጊ በሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት እንደሆነ ይነግረን ነበር። ዕድል ጥሎኝ መኖሪያዬ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ሆነና ከዚያች ከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ለዓመታት ስኖር አንድም ቀን ሄጄ ሳላያት ቆየሁ። በመጨረሻ በኤፕሪል 2022 አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣሁ። በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአትላንታ በሀይዌይ 85 ወደ ሞንትጎመሪ ሲወርዱ መንገዱ ዳርና ዳሩ የጥድ ጫካ ነው፤ ለግንባታ የተቆረጠው ዳገት ሁሉ እንደ ሲዳማ አፈር ቀልቶ ይታያል። የአላባማን ድንበር ሲሻገሩ ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቤቴ ወጥቼ ስደርስ ገና 2 ሰዓት ነበር። ቱስኪጊ ከ10 ሺህ ያነሰ ሕዝብ የሚኖርባት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነ፣ የማኮን ካውንቲ መቀመጫ ናት። ካውንቲ ማለት እኛ ዱሮ አውራጃ እንል የነበረውን የመሰለ አስተዳደር ነው፤ ፍርድ ቤቱ፣ የሸሪፉ ጽሕፈት ቤት፣ የመሬትና የግብር መዝገቡ በመቀመጫው ከተማ ይገኛሉ። በአሜሪካ ደቡብ እንዲህ ያለ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረቆረው በፍርድ ቤቱ አደባባይ ዙሪያ ነውና እኔም መኪናዬን እዚያው አቆምኩ።

ፍርድ ቤቱ ቀይ ጡብ ለብሶ ሰዓት ያለው ማማ የተሸከመ ሕንፃ ነው። ዙሪያውን ካሉት ሱቆች አንዳንዶቹ ክፍት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን መስኮታቸው አቧራ ከለበሰ ቆይቷል። መካከል ላይ ጥቂት ዛፎች ያጠሉበት ሣር አለ፤ ከሣሩ መካከል በረጅም መቆሚያ ላይ ጠመንጃ የያዘ የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ወታደር ሐውልት ቆሞ ነበር። ባርነት እንዲቀጥል የተዋጋ ጦር ወታደር በጥቁሮች ከተማ እምብርት ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው በመሬት መዝገቡ ነው። በ1906 ካውንቲው ይህን መሬት ለነጮች መናፈሻ እንዲሆን ለኮንፌዴሬሽኑ ሴት ልጆች ማኅበር ሰጠ። ስለዚህም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ፣ የከተማዋ ምክር ቤት በጥቁሮች ሲሞላ እንኳ፣ ሐውልቱን ማንሣት የክርክር ጉዳይ ሆኖ ቀረ። እኔ ከመሄዴ ዘጠኝ ወር በፊት፣ በጁላይ 2021፣ የምክር ቤቱ አባል ጆኒ ፎርድ ራሱ መጋዝ ይዞ ወጥቶ የወታደሩን እግር መቁረጥ ጀምሮ ነበር፤ ሸሪፉ ደርሶ አስቆመው።

ሐውልቱ ሥር ስቆም ያሰብኩት ግን ስለ ሌላ ወጣት ነው። ሳሚ ያንግ ይባላል። በባሕር ኃይል አገልግሎ የተመለሰ የ21 ዓመት የቱስኪጊ ተማሪ ነበር። በጃንዋሪ 3 ቀን 1966 ሌሊት በዚችው ከተማ አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቶ ለነጮች ብቻ የተባለውን መጸዳጃ ቤት ልጠቀም በማለቱ የማደያው ሠራተኛ ተኩሶ ገደለው። ገዳዩን ሌላ ካውንቲ ውስጥ የተሰየሙ፣ ሁሉም ነጭ የሆኑ፣ ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች (ጁሪ) በዚያው ዓመት መጨረሻ በነፃ አሰናበቱት። ፍርዱ ከተሰማ በኋላ ተማሪዎቹ ወደዚህ አደባባይ ወጥተው የድንጋዩን ወታደር ፊት ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ጀርባውንም ቢጫ አሰመሩበት። ዛሬ የቀለሙ ምልክት አይታይም። እኔ ግን ከሥሩ ቆሜ ለብዙ ጊዜ ፈለግሁት።

ከአደባባዩ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ እስከሆነው የቱስኪጊ ትምህርት ቤት ግቢ መንገዱ አጭር ነው፤ በእግሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደተወለደ ሳያውቁ በኋላ የመጣውን ሁሉ መረዳት አይቻልም። በ1880 ለአላባማ ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ነጭ ፖለቲከኛ የጥቁሮቹን ድምፅ ፈልጎ ሉዊስ አዳምስ ወደተባለው የቀድሞ ባሪያ ሄደ። አዳምስ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ጫማ ሰፊ፣ ወገኖቹ የሚሰሙት ሰው ነበር። ለድምፁ ገንዘብ አልጠየቀም፤ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት አሠራልን አለ። ሰውየው ተመረጠ፣ ቃሉንም ጠበቀ፤ ለመምህራን ደመወዝ በዓመት 2,000 ዶላር ተፈቀደ፤ በጁላይ 4 ቀን 1881 ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የተባለ የ25 ዓመት ወጣት 30 ያህል ተማሪዎችን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ቱስኪጊን ቱስኪጊ ያደረጋት ትምህርት ቤት የተገዛው በድምፅ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ ይሏል።

የተፈቀደው ገንዘብ ለደመወዝ እንጂ ለሕንፃ አልነበረም። ዋሽንግተን ተማሪዎቹን ይዞ ሸክላውን ከዚያው መሬት ቆፍሮ ጡብ ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያው እቶን ከሸፈ፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ከሸፉ። ለአራተኛው ገንዘብ ሲያልቅበት ሞንትጎመሪ ሄዶ የኪስ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስያዘ፤ አራተኛው እቶን ተሳካ፣ ሰዓቱ ግን በዚያው ቀረ። የትምህርት ቤቱ ጡብ ጥሩ መሆኑን ያዩ ነጭ ጎረቤቶችም እየመጡ ይገዙ ጀመር። ዋሽንግተን ይኖርበት የነበረው «ዘ ኦክስ» የተባለው ቤት በ1899 የተሠራው በዚሁ የተማሪዎች ጡብ ነው፤ ንድፉን ያወጣው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር አርክቴክት ሮበርት ቴይለር ነበር። ግድግዳውን ተጠግቼ አየሁት። ከቅርብ ሲያዩት ጡቡ ሁሉ አንድ ቀለም አይደለም፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ብርቱካንማ ይላል፤ ጠርዙም እንደ ፋብሪካ ጡብ የተስተካከለ አይደለም። እጄን አሳርፌበት ቆየሁ። የማገዶ እሳት እኩል አይመታምና የትኛው ለነበልባሉ ቀርቦ፣ የትኛው ርቆ እንደተጠበሰ ከቀለሙ ይነበባል።

ከዚያ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና ከቤቴ አትሜ ያመጣሁትን ካርታ ዘረጋሁ። ካርታው በ1960 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቱስኪጊ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱና ለጥቁር የጦር ጉዳተኞች የተሠራው ሆስፒታል መምህራንን፣ ሐኪሞችንና ነርሶችን አፈሩ፤ እነዚህ የተማሩ ሰዎች ለድምፅ መስጫ ከተመዘገቡ የከተማዋን አስተዳደር መያዛቸው እንደማይቀር የታያቸው ሹማምንት በ1957 በአላባማ ምክር ቤት የከተማዋን ወሰን የሚቀይር ሕግ አስወጡ። እስከዚያ ድረስ ካሬ የነበረችው ከተማ ሃያ ስምንት ጎን ያላት እንግዳ ቅርፅ ሆነች። በእርሳሴ ጫፍ ጎኖቹን እየተከተልኩ ቆጠርኳቸው፤ መስመሩ እዚህ ይታጠፋል፣ እዚያ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፤ የተቀመጥኩበት ግቢ ጭምር ከወሰኑ ውጭ ነው። 400 ያህል ከነበሩት ጥቁር መራጮች ከተማዋ ውስጥ የቀሩት አራት ወይም አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ አንድም ነጭ መራጭ አልወጣም። በአንድ ወቅት በድምፅ ትምህርት ቤት ተገዛ፤ ትምህርት ቤቱ መራጮችን ሲያፈራ ደግሞ ከተማይቱ ራሷ ከሥራቸው ተነቀለች።

የማኅበረሰብ ሳይንስ መምህሩ ቻርልስ ጎሚሊየንና ባልደረቦቹ ከሰሱ፤ ጠበቃቸው ለሮዛ ፓርክስ የቆመው ፍሬድ ግሬይ ነበር። (ሮዛ ፓርክስም የተወለደችው እዚሁ ቱስኪጊ ነው።) ሕዝቡ በበኩሉ ከአደባባዩ ነጋዴዎች መግዛት አቆመና ብዙ ሱቆች ተዘጉ። ኖቬምበር 14 ቀን 1960 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለከሳሾቹ ፈረዱ፤ ቀኑ ቡከር ዋሽንግተን የሞተበት 45ኛ ዓመት ነበር። በ1966 የማኮን ካውንቲ ሕዝብ ጥቁሩን ሉሺየስ አመርሰንን ሸሪፍ አድርጎ መረጠ፤ በ1972 ደግሞ ያ በኋላ መጋዝ ይዞ የወጣው ጆኒ ፎርድ ከንቲባ ሆነ።

ብዙ ሰው የቱስኪጊን ስም የሚያውቀው ከ1932 እስከ 1972 በተካሄደው የቂጥኝ ጥናት ነው። ለጥናቱ ከተመረጡት 600 ጥቁር ወንዶች 399ኙ ሕሙማን ነበሩ፤ እነዚህም «መጥፎ ደም አለባችሁ» እየተባሉ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ ተተዉ። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ጥናቱን ያካሄደው የፌዴራሉ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት ነው። ግፉ የተፈጸመባት ከተማ ስሟ ለግፉ መጠሪያ መሆኑ ሁለተኛ በደል ነው። ለተጎጂዎቹ የተከራከረውም ያው ፍሬድ ግሬይ ነበር።

ወደ ማታ፣ ወደ ሀይዌዩ ስመለስ ሞተን ፊልድ ጎራ አልኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር የጦር አብራሪዎች መብረር የተማሩበት ሜዳ ነው። ሮቢንሰን ገና በ1934 ከቺካጎ በአውሮፕላን ተነሥቶ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት የመጣው የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ለማሳሰብ ነበር፤ ያን ጊዜ አልሆነለትም። በዓመቱ ወደ እኛ አገር ሄደ። በ1944 ተመልሶ አብራሪዎቻችንን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ከሃንጋሩ ፊት ለፊት ሆኜ አባቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ቢሆንም እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር።

«አባዬ፣ ቱስኪጊ ነኝ» አልኩት።

«የሮቢንሰን ቱስኪጊ?» አለኝ። «ትልቅ ከተማ ናት?»

«አይደለችም። አሥር ሺህ ሰው አይሞላባትም።»

ዝም ብሎ ቆየ። «አየህ ልጄ፣» አለ በመጨረሻ፣ «እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጬ አንድ ቀን መቃብሩን ሄጄ አላየሁም።»