ቀዩ ዶሮ ወደ ቆጡ ተመለሰ

ዛሬ ጠዋት የጅማ ጭጋግ ሳይገፈፍ ቀዩ አውራ ዶሮዬ ጮኸ። ከ11 ቀን በኋላ፣ ከራሱ ቆጥ ላይ። ጀበናዬን ጥጄ ነበር፤ እንባዬ መጣ።

ሽለምጥማጥ ነው ጀርባውን የዘነጠለው። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥቤ ካርቶን ውስጥ ለብቻው አስተኛሁት። በሦስተኛው ቀን ቸኩዬ ግቢ ብለቀው ቄቦቹ ሳይቀሩ ቁስሉን ይጠቀጥቁት ጀመር። ዶሮ ደም ካየ አይተውም። አንጀቴን በላኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ "ልጄ፣ ሳይደርቅ አትልቀቂው። ግን ከዓይናቸውም አታርቂው፣ እንደ እንግዳ ይቆጥሩታል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አቮካዶው ሥር በሽቦ ከለልኩት። እየተያዩ፣ ጎን ለጎን እየበሉ ሰነበቱ።

ቅርፊቱ ረገፈ። ትናንት ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ በባትሪ ገብቼ መሃላቸው አስቀመጥኩት። ዶሮ በጨለማ አይጣላም። ጥፍሩ እጄን ለቆ ቆጡን ጭብጥ ሲያደርግ ተሰማኝ።

ጠዋት ነጩ ጎረምሳ አንዴ አንገቱን ነፋበት። ቀዩ ዞር ብሎ አየው፤ በቃ። እንዳይሻሙ በቆሎውን 2 ቦታ በተንኩላቸው።

አሁን አቮካዶው ሥር እየጫረ ትል አገኘ። ራሱ አልበላም፤ ሴቶቹን ጠራቸው።