በአያቴ ስም ዶክተር

አገር ቤት ሕክምና ተምሬ፣ በአንድ የዞን ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት አራት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ በ2006 ዓ.ም. የዲቪ ዕጣ ወጥቶልኝ ወደ ሜሪላንድ ስመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቸገረኝ ፈተናው ሳይሆን ስሜ ነበር። በውጭ አገር የተማረ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ማስረጃውን ኢሲኤፍኤምጂ በሚባለው የውጭ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚያጣራ ድርጅት ማስመርመር አለበት፤ ስሙም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል። ዲፕሎማዬ ላይ ግን የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ተጨምሮበታል፤ ፓስፖርቴ ላይ ያቺ ፊደል የለችም። እናቴ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትታ፣ የሁለቱ ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፋ እስክትልክልኝ ድረስ ሰባት ወር አለፈ። ፓስፖርታችን የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚያስቀምጥም፣ ዛሬ ነጩ ጋዋኔ ላይ ተሰፍቶ የሚነበበው በዓይኔ አይቻቸው የማላውቃቸው የአያቴ ስም ነው። ፊደል ያልቆጠሩት ገበሬ በስተመጨረሻ ሜሪላንድ ላይ ዶክተር ተባሉ።

ስቴፕ ዋን የሚባለው የሐኪምነት ፈቃድ የመጀመሪያው ፈተና ስምንት ሰዓት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ማለፍና መውደቅ ብቻ ከመቀየሩ በፊት ውጤቱ በቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ ዝቅተኛ ነጥብ አምጥቶ ያለፈ ሰው ለማሻሻል ተመልሶ መፈተን ስለማይፈቀድለት፣ «ለጥቂት ከማለፍ መውደቅ ይሻላል» እያሉ የሚከራከሩ ጓደኞች ነበሩኝ። የወደቁበትም ውጤት ከመዝገብ ስለማይፋቅ እኔ በዚህ አልስማማም ነበር።

የከበደኝ ፊላዴልፊያ ሄጄ የተፈተንኩት የተግባር ፈተና ነው። በሽተኛ ሆነው የሚተውኑ 12 ሰዎችን፣ ለእያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ተሰጥቶን፣ እየመረመርን ከዚያም በ10 ደቂቃ ማስታወሻ እንጽፍ ነበር። በቀን ሰባ ሰማንያ በሽተኛ ማየት የለመደ ሰው በር አንኳኩቶ መግባትን፣ ከመዳሰሱ በፊት ማስፈቀድን፣ የታካሚውን እግር በአንሶላ መሸፈንን፣ «ሕመሙ ኑሮዎን እንዴት ነካው?» ብሎ መጠየቅን እንደ አዲስ ተማረ። በመጀመሪያ ትያትር መስሎኝ ንቄው ነበር፤ በዞን ሆስፒታሉ ስንቷን እናት ሳላስፈቅድ ልብሷን ገልጬ እንደመረመርኩ ሳስብ ግን ንቀቱ ለቀቀኝ። ፈተናው በኮሮና ምክንያት ተቋርጦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ጭራሹን ተሰረዘ።

በእነዚያ ዓመታት ቀን እያጠናሁ ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ እሠራ ነበር። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ሙቀትና የደም ግፊት ለክቶ መጻፍ ሥራዬ ነው፤ የለካሁት ምን ማለት እንደሆነ መናገር ግን ሥራዬ አይደለም። አንድ ሌሊት፣ ሁልጊዜ በስሜ የሚጠሩኝ አዛውንት ማን እንደሆንኩ ጠፋባቸው። ትንፋሻቸውን በእጅ ሰዓቴ ቆጠርኩት፤ በደቂቃ 32 ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ የጉልበታቸው ቆዳ ዥንጉርጉር ሆኖ ቀዝቅዟል። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም መግባቱን ልቤ አውቆታል፤ ለናይጄሪያዊቷ ተረኛ ነርስ የነገርኳት ግን «አተነፋፈሳቸው ፈጠን ብሏልና ብታያቸው» ብዬ ብቻ ነው። መጥታ አየቻቸው፤ ወዲያው አምቡላንስ ጠራች። በኋላ ኮሪደሩ ላይ አግኝታኝ «አንተ አገርህ ምን ነበርክ?» ስትለኝ «ተማሪ» ብዬ ዋሸኋት። እውነቱን ካወቀች እኔን ለማዘዝ የምታፍር መስሎኝ ነበር።

ሐኪሞችን ሬዚደንሲ ለሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና በየዓመቱ ስለሚመድበው ስለ ማች ብዙ አልጽፍም። የመጀመሪያው ዓመት ዘጠና ለሚሆኑ ፕሮግራሞች አመለከትኩ፤ ከሠላሳ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ክፍያው 26 ዶላር ነበር። ከተመረቀ አምስት ዓመት ያለፈውን የማይቀበሉት ብዙ ስለሆኑ አንድም ቃለ መጠይቅ ሳይመጣልኝ ቀረ። የተሳካልኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።

የሬዚደንሲው የመጀመሪያ ዓመት ላይ፣ ሳንባቸው ላይ ዕጢ የታየባቸው አንዲት የአገሬ እናት እኔ ባለሁበት ክፍል ተኙ። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ ለእሷ እንዳትነግሯት» ብሎ ለመነኝ። በልቤ አልፈረድኩበትም፤ እኔም አገር ቤት ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው ነግሬ አላውቅም። የበላይ ሐኪሜ ግን ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ ራሳቸው እንዲጠየቁ አዘዘ። በሆስፒታሉ ደንብ በሌላ ቋንቋ ታካሚ የሚያነጋግር ሐኪም በዚያ ቋንቋ ተፈትኖ ማለፍ ስላለበት፣ እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ አስተርጓሚ በስልክ ተጠራ። አስተርጓሚው የናሙናውን ነገር «ከሳንባዎ ሥጋ ቆርጠው ይወስዳሉ» ብሎ ሲያስተላልፈው እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ልትቆርጡኝ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ በመርፌ እንደ ስፌት ክር የቀጠነች ናሙና ብቻ ናት የምትወሰደው» አልኳቸው፣ ደንቡን እያወቅኩ።

«ታዲያ እንዲህ አትሉኝም?» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «የቀረውን ለልጄ ንገሩት፤ እኔ የማውቀውን አውቄያለሁ» አሉ።

በማግስቱ የበላይ ሐኪሜ የአማርኛ ፈተና እንድወስድ አዘዘኝ። ፈታኟ በስልክ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ የቀዶ ሕክምና ስምምነትን በአማርኛ እንዳስረዳት ጠየቀችኝ፤ በመጨረሻም ለምስክር ወረቀቱ ሙሉ ስሜን በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አስቆጠረችኝ። ወረቀቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። አልፌያለሁ፤ የአባቴ ስም ላይ ግን ያቺ ትርፍ ፊደል ተመልሳ ገብታለች።