ጸጋ ነው ወይስ ዕድሜ?

ጷጉሜ አይመቸኝም። አሮጌው ዓመት አልሄደም፣ አዲሱ አልገባም። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው የበግ ዋጋ ነው። ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። መብራቱም ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። አዝኛለሁ ማለት አይደለም። ደስም አላለኝም። እንዲሁ ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎ ነው የዋለው።

በዚህ ሰሞን ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ደብተሬን አውጥቼ የመንፈሳዊ ሕይወት ዕቅዴን አያለሁ። የጠዋት ጥሞና፣ ሐሜት መተው፣ ትዕግሥት፣ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት አንብቦ መጨረስ። የአምናውን ገለጥኩ፣ ያው ነው። የካቻምናውን ገለጥኩ፣ ያው ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ብቻ ያኔ ይሻል ነበር። ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጥቅምት ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የማንበቤ ምልክት የለም። "ትዕግሥት" የሚለው ሥር በቀይ ተሰምሮበታል። ልጆቼን ብትጠይቋቸው ስለ መስመሩ የሰሙት ነገር የለም።

ደብተሩ የዕድር መዝገብ ይመስላል። የቀረ፣ ያረፈደ፣ ያልከፈለ። ዳኛዋም እኔ፣ ጸሐፊዋም እኔ፣ ተቀጪዋም እኔ።

እሱን እያገላበጥኩ ሳለ ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። የቤቱን ጉዳይ የምታውቁ ማን እንደሆነች ገብቷችኋል። የማታውቁ ይቅርባችሁ። ለዓመታት ስሟ ሲነሳ ሆዴ ይቃጠል ነበር። አንድ ጉባኤ ላይ "ይቅር የምትሉት ሰው ያላችሁ እጃችሁን አንሱ" ሲባል እጄን አነሳሁ። ልቤ ግን በዚያው ቅጽበት "እሷን ሳይጨምር" አለ። ሲቆይ ሰለቸኝና ስለ እሷ መጸለዩንም ተውኩት። ዕቅዴ ውስጥ እንኳ ገብታ አታውቅም። የማይሆን ነገር ምን ያስመዘግባል ብዬ።

በቀደም ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ሳምኳት። ጉልበቷን ተሻላት እንደሆነ ጠየቅኳት። ቡና አቀበለችኝ፣ ጠጣሁ። ስለ ልጇ ቪዛ አወራችኝና እኔም ከልቤ "ጌታ ያሳካላት" አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ ነው ብድግ ያልኩት። ያ ንዴት የታለ? መቼ ሄደ? ፈለግኩት እኮ! የተባባልነውን ሁሉ ሆን ብዬ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ማዘኑን አዘንኩ። መቃጠል ግን የለም።

የታገልኩበት ሁሉ እዚያው ተገትሯል። ያልነካሁት ተቀይሯል። ምን ዓይነት አሠራር ነው?

ማርቆስ 4 ላይ አንዲት አጭር ምሳሌ አለች። በሌሎቹ ወንጌላት ውስጥ የለችም። ሰውዬው ዘር ይበትናል። ይተኛል፣ ይነሳል። ዘሩ ይበቅላል፤ እንዴት እንደሆነ ግን እሱ አያውቅም። ኮተኮተ አይልም፣ አረመ አይልም። ይተኛል ነው የሚለው! እኔ ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት የምንማረው እሾሃማውንና ጭንጫውን መሬት ነበር። "አንቺስ የትኛው መሬት ነሽ?" እየተባልን እንሳቀቅ ነበር። ስለሚተኛው ገበሬ ማንም አልነገረንም።

አባቴ የሶዶ ሰው ነው። የማታ ተረታችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ወንጌል ሰባኪዎቹ እዚያ ከደረሱ ገና አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። ይህችን ጥቂት ሰው ማን ይጠብቃታል እያሉ ሄዱ። ጣሊያን ተባሮ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆነው ጠበቋቸው። በወላይትኛ የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች ክፍሎች ብቻ ነበሩ። ያቺ ምሳሌ በእጃቸው ነበረች ማለት ነው። ይሄ ዛሬ ነው የታየኝ። አባዬ ነግሮን አያውቅም። ወይ ነግሮን እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።

ግን ቆይ። ታሪኩን ለእኔ እንዲመች አድርጌ ልቆርጠው ነው። እነዚያ ሰዎች መች ተኙ! መሪዎቹ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ያልታሰሩት ለታሰሩት ስንቅ ያመላልሱ ነበር። የማያምነው ጎረቤት ሳይቀር ይህን ፍቅር አይቶ ነው የተከተላቸው፤ አባዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል። እንዲያ የተገረፈ ሰው "ጌታ ነው ያደረገው" ሲል ለትሕትና ያህል የሚል አይመስለኝም። ያየውን እየተናገረ ነው። ጳውሎስም እንዲያው ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች ከሁሉም ይልቅ ደከምኩ ይልና እኔ ግን አይደለሁም፣ ከእኔ ጋር ያለው ጸጋ ነው ይላል። የገላትያ ሰዎችን ደግሞ ይቆጣቸዋል፦ "በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን?" ፊልጵስዩስ 2 ላይ መዳናችሁን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ብሎ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ መፈለጉንም ማድረጉንም በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። መጋቢያችን ይህንን ሲሰብኩ የፊተኛውን ጠንከር፣ የኋለኛውን ፈጠን ያደርጉታል። የግንባታ መዋጮ ሰሞን ከሆነማ የኋለኛው ጭራሽ ይረሳል። (ይቅርታ መጋቢ፣ ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ።)

ደግነቱ ጓደኛዬ ደወለችና ሁሉንም ነገርኳት። ኦርቶዶክስ ናት፣ የእኛን ወሬ ችላ ነው የምትሰማው። ጨርሼ ዝም ስል "አንቺ፣ አርጅተሽ እንዳይሆን?" አለችኝ።

ሳቅን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቂም መሸከም እኮ ይደክመዋል። ጎረቤታችን ጋሼ ከሰርግና ከለቅሶ በቀር የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው አያውቁም። እሳቸውም አምና ከወንድማቸው ጋር ታርቀዋል። ማንም አላስታረቃቸውም። አንድ ቀን ተነስተው ሄዱ፣ በቃ። የእሳቸውስ ምን ሊባል ነው? ጸጋ ከሆነ ለእኛ ለጥሞናዎቹ ምን ተለየ? እርግጥ ዝናቡን ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም ነው የሚያዘንበው ተብሏል። ወይስ እኔ ነኝ ድካሜን ጸጋ እያልኩ የማቆላምጠው?

ደግሞስ ጸጋ ከሆነ ለምን ከዚያ ጀመረ? ለምን ከጩኸቴ አልጀመረም? ቢያማክረኝ ኖሮ ከዚያ ነበር የማስጀምረው። ቂሜ እንደሆነ ድምፅ አልነበረውም፣ ማንንም አይቀሰቅስም። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ሳስነሳ የምጮኸውን ግን ፎቅ ላይ ያሉት ተከራዮች ይሰሙታል። ምናልባት ለእሱ የሚታየው ቅደም ተከተል ሌላ ይሆናል። ምናልባት ጩኸቱ ያን ያህል አላስጨነቀውም። ወይም ደግሞ ቂሙ ከጩኸቱ ሥር ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ። እንዲህ ብዬ ሌላስ ሳላውቀው ምን ተቀይሮልኛል እያልኩ ራሴን መፈተሽ ጀመርኩ። ስስቴ ቀንሷል? አልቀነሰም። ቅናቴ? እሱን ሌላ ቀን።

ለማንኛውም የረቡዑ ኅብረት ላይ ልመሰክር ወስኛለሁ። የእኔ ጥረት እንዳልሆነ፣ በቸርነቱ ብቻ እንደሆነ ሰው ይስማ። ወጥ እያማሰልኩ ተለማመድኩት። ለቅሶ ቤቱ ጋ ስደርስ ትንሽ ዝም እላለሁ። "ሳምኳት" የሚለው ላይ ድምፄን ዝቅ ነው። ቤቱ ያኔ ስንት እንደተሸጠ መጥቀስ ሳያስፈልግ አይቀርም፣ አለበለዚያ የተበደልኩት ልክ አይታወቅም። ለሽምግልና የመጡትን ሰዎች በምን እንደሸኘቻቸውም መናገር አለብኝ። ደግሜ ስወጣው ጌታ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ጋ ብቻ ሆነ። ትንሹ ልጄ ለካ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቷል።

"እማ" አለኝ፣ "ማንን ነው የምትሰድቢው?"