ለትንሽ ሞኒተሪንግ ሰርቨር ምን ዓይነት ማሽን ይበቃል? እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓዶች፣ ስለ ሞኒተሪንጉ (ሰርቨሮች በደንብ መስራታቸውን ስለሚከታተለው ማሽን) ለጠየቃችሁኝ ይኸው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኮር፣ ስንት ጊጋ ራም ነው፣ ግን የምትከታተሉት አስር አስራ ሁለት ማሽን ከሆነ ሲፒዩው ስራ ፈቶ ነው የሚውለው። ግራፋና (ቁጥሮቹን በግራፍ የሚያሳየው) በትንሹ የሚጠይቀው 1 ኮርና 512 ሜጋ ራም ነው፣ ፕሮሜቴየስን (ቁጥሮቹን ሰብስቦ የሚያስቀምጠውን) ጨምራችሁ 2 ኮርና 4 ጊጋ ካላችሁ ተመስገን በሉ። ዛቢክስ (ሌላ የሞኒተሪንግ ሶፍትዌር) ከሆነ ግን ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ አብሮ ስለሚነሳ ራም ጨመር አድርጉ።

ጣጣው ያለው ዲስኩ ጋ ነው፣ እሱም መጠኑ ሳይሆን ዓይነቱ። ሜክሲኮ ያለው ቢሮአችን 12 ሰርቨር ነው ያለው፣ ኖድ ኤክስፖርተር (የሰርቨሩን የሲፒዩ፣ የራም፣ የዲስክ ቁጥር የሚሰጠው ፕሮግራም) ከእያንዳንዱ አንድ ሺህ ገደማ ሲሪየስ (ለየብቻ የሚመዘገብ የቁጥር ዓይነት) ያመጣል ብላችሁ ያዙ፣ በየ15 ሰከንዱ ሲነበብ በሰከንድ 800 ሳምፕል (የተነበበ ቁጥር) ይሆናል። ፕሮሜቴየስ ለአንድ ሳምፕል ከ1 እስከ 2 ባይት ነው የሚፈጀው፣ በትልቁ ብትይዙት እንኳን በቀን 138 ሜጋ፣ በ30 ቀን 4 ጊጋ ምናምን ነው። ምንም አይደለም እኮ! (ዝም ካላችሁት 15 ቀን ብቻ ይዞ የቆየውን ይሰርዛል፣ ሪቴንሽኑን ራሳችሁ ቀይሩት።) ግን ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ይጽፋል፣ እና ራስቤሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ሜሞሪ ካርድ ሰክታችሁ ከሆነ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ካርዱ ላይ ቁማር እየተጫወታችሁ ነው፣ በዩኤስቢም ቢሆን ኤስኤስዲ አድርጉበት።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ቲንክፓድ ነው። ባትሪው ደህና ስለሆነ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ከራሱ ጋር ነው፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ንቅንቅ አይልም። ሲከደን እንዳይተኛ ሎግአይንድ ኮንፍ (የሊኑክስ ሴቲንግ ፋይል) ውስጥ ሃንድል ሊድ ስዊች የሚለውን ኢግኖር ማድረግ፣ ሁሌ ሶኬት ላይ ስለሚውል ደግሞ ባትሪው እንዳያብጥ ቻርጁን በቲኤልፒ (የላፕቶፕ ፓወር ማስተካከያ ፕሮግራም) 80 ፐርሰንት ላይ ማቆም፣ በቃ።

ብዙ ቦታ የማየው ነገር፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ነው የኔትወርኩ ስዊችና ራውተሩ ግን ግድግዳ ሶኬት ላይ። መብራት ሲሄድ ሞኒተሪንጉ ሁሉም ሰርቨር ሞተ ብሎ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ቴሌግራም አይደርስም ምክንያቱም ኢንተርኔቱም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ስዊቹም ራውተሩም ዩፒኤሱ ላይ፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ አንድ ሲም ያለው ዶንግል። ለቴሌግራም መልእክት ትንሽ ጥቅል ይበቃዋል።

የቀረኝ የዩፒኤሱን ባትሪ ራሱን ግራፋና ላይ ማሳየት ነው። የኛው ኔትወርክ ካርድ የለውም፣ ዩኤስቢ ብቻ ነው ያለው፣ በኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ (የዩፒኤስን ሁኔታ የሚያነብ ሶፍትዌር) ልሞክረው ነው፣ ያገናኘ ሰው ካለ የትኛውን ድራይቨር እንደተጠቀመ ይጻፍልኝ።